የቅሬው መዝገብ

አያ ሙሄ ሐሙስ ሞቱ፤ ዓርብ መዝገቡን አመጡልኝ፣
"ስፌትህ ቀጥ ያለ ነው፣ ጽሕፈትህም አይጠምም" አሉኝ።
ሽፋኑ የበግ ቆዳ፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው፣
ስንቱን ሬሳ የሸኘ፣ ስንቱን ድንኳን ያፈረሰው።
ገርባ ገበያ ዳር፣ የስፌት መኪናዬን ገፋ አድርጌ
ገለጥኩት፤ እንደ ቀሚስ እጥፋት፣ ጫፍ ጫፉን ፈልጌ።

ዓምዱ አራት ነው፦
ስም።
ማን ቆፈረ።
ማን ተሸከመ።
ማን ቀረ።
አምስተኛ ዓምድ ፈለግሁ። የለውም።

"ሼህ እንድሪስ ጎበዜ፣ ለመሪጌታው ቀብር
አርፍደው ስለደረሱ፣ ሃምሳ ሳንቲም ይቀጡ።
ምክንያት፦ ዱአ ላይ ነበርኩ። ቅሬው፦ ለማን?
ለመሪጌታው ነዋ! — ከቅጣቱ ወጡ።"

"ዘሃራ ተክሌ፣ የሁለት ድስት ኃላፊ፦
ያንዱ ጆሮ ቀይ ክር፣ የሌላው ነጭ፣
ቢስሚላህ የተባለበትና በስመ አብ የተባለበት እንዳይደባለቅ።
እሳቱ ግን አንድ፣ ማገዶውም ካንድ ግንድ ፍልጭ።"

"ማሚቴ ደስታ፣ በሮመዳን። ጉድጓዱ ድንጋይ በዛበት።
ጿሚው ቆፈረ። ያልጾመው እንስራውን እንደሞላ
ወደ ቤት መለሰው፣ ማንም ሳይጠጣበት።"

ይህን ሳነብ ውሃ ጠማኝ። ኩባያውን አነሣሁና
አስቀመጥኩት፣ እኔ እንጃ ለምን።

ወደ ኋላ ስሄድ ፊደሉ ዞረብኝ፤
ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ይነጉዳል፤
ሩቅያን ጠራሁ፣ የሼሁን ልጅ፣ ከቅሪላዋ እስከ ቁርአኗ የምታውቀውን።
በጣቷ እየተከተለች አነበበች።
ዐረብኛ ስጠብቅ ከአፏ የወጣው
የኔው አማርኛ ነው፣ እናቴ የምትቆጣበት።

"ያዋጁ ጊዜ ነው፤ ተጠመቅ፣ አለዚያ አገር ልቀቅ
የተባለበት፤ ወንዝ ወርዶ ያልራሰ የለም።
ቀን ወልደ ገብርኤል ነው፣ ክሩን ባንገቱ አስሮ፣
ሌሊት አብዱልቃድር፣ ከጎተራው ኋላ ሰግዶ አድሮ።
ማለዳ ግንባሩ ላይ የቀረች አንዲት ማሽላ
ምሥጢሩን እንዳታወጣ፣
ሚስቱ በመዳፏ ታራግፋት ነበር፣ ከደጅ ሳይወጣ።"

ሩቅያ ቀና አለች። "ቅድመ አያትህ አይደሉም?"
ናቸው። ማሽላዋን ግን ማንም አልነገረኝም።

"ሞተ። ቄሱ መጡ፦ ቀን ቀን የኔ ነበር።
ሼሁ መጡ፦ ሌሊት ሌሊት የኔ።
መቼ ነው የሞተው? ተባለች ሚስቱ።
ቄሱን አየች። ሼሁን አየች።
ጎህ ሊቀድ ሲል፣ አለች፤
ሌሊቱ ጫማውን ሲፈልግ፣ ቀኑ ገና በር ሳያንኳኳ።
ሁለቱ ሽማግሎች መሬት መሬት አዩ።
ከዚያ ዶማ ተጠየቀ።"

የት እንደ ተቀበረ ገጹ አይልም።
የቆፋሪ ስም አሥራ ሁለት። የተሸካሚ ስምንት።
"ማን ቀረ" የሚለው ባዶ።
በሞተበት ሰዓት ሴትየዋ ዋሽታ እንደሆን
ሩቅያን ጠየቅኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች።
"ዋሽታም ከሆነ አሚን በል" አለችኝ።

እንግዲህ የኔ ተራ ደረሰ። ብዕሩን ነከርኩ።
ሙሄ አበጋዝ። የቅሬው ጸሐፊ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
ቆፋሪ፦ ይመር፣ ወንድወሰን፣ ጡሃ፣ የቄስ ሞገስ ልጆች።
ተሸካሚ፦ እነዚሁ፣ አያ ፈንታውም በሚያነክስ እግሩ፤
ተው ቢሉት እንቢ ብሎ።
አራተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

ሐሙስ ለጥምቀት የሚደርስ ቀሚስ ነበረብኝ።
ጥሩንባውን ሰማሁ። ጥልፉን ልጨርስ፣ ከዚያ እሮጣለሁ አልኩ።
ጨረስኩ፤ ስወጣ ሰዉ አካፋውን አጥቦ ይመለሳል፤
አንዱም ምን ሆነህ አላለኝም። "አብሽር" ብለውኝ አለፉ።

የሼህ እንድሪስን ዓይነት መልስ የለኝም።
ቀጥ ባለው ጽሕፈቴ፣ እንዳሉኝ፣ ጻፍኩት፦
ማን ቀረ — አደም ሽፈራው። ሃምሳ ብር።
ምክንያት፦